ሻጭ ሰማይ፣ ገዢ መሬት ሲጠሩ ዋጋ እንዴት ይቀራረባል?

ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ አንድ በሬ ቆሟል እንበል። ባለቤቱ 90 ሺህ ብር ይላል። ገዢው ዞር ዞር ብሎ ያየዋል፣ ጥርሱን ያያል፣ ጀርባውን ይዳብሳል፣ ከዚያ 65 ሺህ ይላል። ባለቤቱ ፊቱን ያዞራል። ገዢው ደግሞ "ይሄ ሰውዬ ሊሸጥ አልመጣም" ብሎ ወደ ሌላው ይሄዳል። በሬው ግን ያው አንድ በሬ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ አንዱ አጭበርባሪ ነው ብሎ ይደመድማል። ሻጩ ስግብግብ፣ ገዢው ቋጣሪ። እኔ በዚህ አልስማማም። አጭበርባሪ መኖሩ አይካድም፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሁለቱም የልባቸውን ነው የሚናገሩት። ሻጩ በእርግጥም 90 ሺህ ይገባዋል ብሎ ያምናል፣ ገዢውም ከ65 ሺህ በላይ ማውጣት ኪሳራ መስሎ ይታየዋል።

ስለዚህ ለሚሸጥም ለሚገዛም የምለው አንድ ነገር ነው። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ሳታውቁ ዋጋ አትጨምሩ፣ አትቀንሱም። ደላላ መሃል ገብቶ "በቃ ለሁለት እንክፈለው" ሲል ነገሩ ቶሎ ያልቃል። ግን ክፍተቱ ከምን እንደመጣ ስላልተጠየቀ፣ አንዱ ወገን ማጣት የማይገባውን ገንዘብ አጥቶ ሊሄድ ይችላል።

መጀመሪያ ገዢው ለምን እንደሚፈልገው ጠይቁ

ይህ ቀላሉ ነው። ገበሬው በሬውን የሚያየው ከእርሻው አንጻር ነው። ቀንበር የለመደ፣ ከጎረቤት በሬ ጋር ተቀናጅቶ ያረሰ፣ ጅራፍ የማያስፈልገው በሬ ለእሱ ትልቅ ሀብት ነው። የልኳንዳ ቤት ገዢ ግን የሚያየው ስጋውን ብቻ ነው። የበሬው ጠባይ ለእሱ አንድ ብር አይጨምርም። ሻጩ "እንዴት ያለ አራሽ መሰለህ!" እያለ ሲምል ገዢው ሆዱ ውስጥ ኪሎ እየቆጠረ ነው።

እንዲህ ሲሆን መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። አራሽ በሬ የምትሸጡ ከሆነ አራሽ ፈልጉ። በወሎ ደጋዎች በልግም መኸርም ስለሚታረስ፣ የእርሻ በሬ የሚፈለግበት ጊዜ በዓመት ሁለቴ ይመጣል፤ የበልግ ዝናብ ሊገባ ሲልና ክረምት መግቢያ ላይ። የሰባ ሙክት ወይም ሰንጋ ከሆነ ደግሞ ገበያው በዓል ነው። ፋሲካ፣ እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ አረፋ። አረፋ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ወደ ኋላ እየመጣ ስለሚሄድ የዘንድሮውን ቀን ሳታጣሩ የማድለቢያ ጊዜ አትቁጠሩ።

የዋጋ አተያይ መለያየቱ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። እንዲያውም ገበያን የፈጠረው እሱ ነው። ባቲ የቆመችው ከደጋው ወርዶ ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። አፋሩ ግመልና ፍየል፣ ጨውም ይዞ ይወጣል፤ ደገኛው እህሉን ይዞ ይወርዳል። አንዱ ዘንድ የተትረፈረፈው ሌላው ዘንድ ብርቅ ነው። ካርል ሜንገር የሚባለው የኦስትሪያ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1871 የተከራከረው ይህንኑ ነበር። የዕቃ ዋጋ ዕቃው ውስጥ የተቀመጠ ነገር አይደለም፣ ሰው ለዕቃው ካለው ፍላጎት ይመነጫል አለ። ሁሉም ሰው ለሁሉም ዕቃ እኩል ዋጋ ቢሰጥ ኖሮ ሰኞ ጠዋት ማንም ከቤቱ አይወጣም ነበር።

ሁለተኛው፣ ከእጅ የሚወጣ ነገር ያማል

ከባዱ ይሄ ነው፤ ብዙ ሻጮች ሳያውቁት የሚሸነፉበትም ይሄ ነው።

ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ኔትሽና ሪቻርድ ቴለር እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት አንድ ሙከራ አለ። 44 ተማሪዎች ተሰበሰቡ። ለግማሾቹ አንድ አንድ የሻይ ኩባያ ተሰጣቸው፣ ለሌሎቹ አልተሰጠም። ከዚያ ተገበያዩ ተባሉ። ኩባያው የታደለው በዕጣ ስለሆነ፣ ኩባያ የሚወዱት ሁለቱም ጋ እኩል ይገኛሉ ተብሎ ይጠበቃል። ስለዚህ ከ22ቱ ኩባያዎች ግማሹ፣ ማለትም 11 ያህሉ፣ ባለቤት መቀየር ነበረበት። ሙከራው ተደጋግሞ ቢሠራም የተሸጠው ከ1 እስከ 4 ብቻ ሆነ። ኩባያ የያዙት ሰዎች፣ ገና አሁን በነጻ የተሰጣቸው ሰዎች፣ ገዢዎቹ ከሚሰጡት ሁለት እጥፍ ያህል ይጠይቁ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ሰው "ገዢዎቹ ከኪሳቸው ማውጣት ስላልፈለጉ ነው" ሊል ይችላል። ተመራማሪዎቹም ይህን አስበውበታል። በሌላ ሙከራ ሦስተኛ ቡድን ጨመሩ። እነዚህ ኩባያ አልያዙም፣ ገንዘብም አያወጡም፤ "ኩባያ ልስጥህ ወይስ ይህን ያህል ብር?" እየተባሉ የሚመርጡ ናቸው። ውጤቱ ሻጮቹ 7.12 ዶላር፣ ገዢዎቹ 2.87፣ መራጮቹ 3.12 ሆነ። አያችሁ? መራጩና ገዢው አጠገብ ለአጠገብ ናቸው። ብቻውን ርቆ የሄደው ሻጩ ነው። ሻጩን ያራቀው የኩባያው ማማር አይደለም፣ የእኔ ያለውን መልቀቁ ነው። ሰው የሚያገኘው ነገር ከሚያስደስተው ይልቅ የሚያጣው ነገር አብዝቶ ያመዋል።

ለአንድ ኩባያ እንዲህ ከሆነ፣ ከጥጃነቱ ጀምሮ ላሳደጋችሁት በሬ ምን ሊሆን ነው? እናታችሁ ፈትላ ላሸመነችው ጋቢስ? ደሴ ውስጥ አባት የሠሩት ቤት ሲሸጥ ወንድማማቾች ዋጋ ላይ የሚጣሉት ብዙ ጊዜ በስግብግብነት አይደለም። አንዱ እዚያ ቤት ውስጥ ኖሯል፣ ሌላው አዲስ አበባ ሆኖ ነው ድርሻውን የሚጠብቀው። ገዢው ደግሞ ውሃ መግባቱን፣ መንገዱን፣ የካርታውን ንጽህና ነው የሚያየው። በዚያ ሳሎን ስንት ሰርግ እንደተደገሰ አያውቅም፣ ቢያውቅም አይከፍልበትም።

"ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ" ይባላል። ዋጋ ስትቆርጡም ያው ነው። ታዲያ ምን ይደረጋል?

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት፣ ቤት ቁጭ ብላችሁ ይህን ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ። "ይህ በሬ የእኔ ባይሆን፣ ገንዘቡም በእጄ ቢኖር፣ ዛሬ ስንት አውጥቼ እገዛዋለሁ?" መልሱን ጻፉት። ጥያቄው ከሻጩ ወንበር አንስቶ መራጩ ወንበር ላይ ያስቀምጣችኋል። ብዙ ጊዜ የምትጽፉት ቁጥር በአፋችሁ ልትጠሩት ካሰባችሁት ያንሳል። ያን ቁጥር ለገዢ አትናገሩ፣ ለራሳችሁ ግን እወቁት።

ቀጥሎ ዕቃው የራሱ ያልሆነ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይገምትላችሁ። አንድ ሰው አይበቃም፣ ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ሌላውን ሳይሰማ ይገምት። እናንተም የራሳችሁን ዋጋ አስቀድማችሁ አትንገሩ፣ ከነገራችኋቸው በአክብሮት ወደ እናንተ ይጠጋሉ። ግምቱን ለደላላ ብቻ አትተዉት። ደላላ የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ስለሆነ የእሱ ፍላጎት ቶሎ መጨረስ ነው፣ በውድ መሸጥ ላይሆን ይችላል።

ያወጣችሁትን ወጪ ደግሞ ከዋጋ ለዩት። "ስድስት ወር ፍሩሽካና ፋጉሎ አብልቼው" የሚለው ለእናንተ ትልቅ ነገር ነው፣ ይገባኛል። ነገር ግን ገዢ የሚከፍለው ለቆመው በሬ እንጂ ለተበላው መኖ አይደለም። ወጪያችሁን መያዝ የሚጠቅማችሁ ለሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ማድለቡ ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን ለመወሰን። ዛሬ የቆመውን በሬ ዋጋ ግን አይቀይረውም።

እኔ በጣም የምወደው ዘዴ ደግሞ ይሄ ነው። የሚያንገበግባችሁን ነገር ከዕቃው መለየት ከቻላችሁ ለዩት። ላሚቱን ስትሸጡ ያ ዘር እንዳይጠፋ ከሆነ የምትፈሩት፣ ጊደሯን አስቀሩ። ቤቱ ሲሸጥ ሆድ የሚያባባው የእናት ወፍጮ ወይም የአባት በር ከሆነ፣ "ይህ ከሽያጩ ውጭ ነው" ብላችሁ ውሉ ላይ አስጽፉ። ገዢው ለበሩ የሚቀንሰው ጥቂት ነው። የእናንተ ልብ ግን ቀለል ይለውና ለቀረው ቤት ትክክለኛ ዋጋ መጥራት ይቻላችኋል።

ገዢ ከሆናችሁ ደግሞ የሰውን ዕቃ አታጣጥሉ። "ምን ይሄ ከሲታ!" ማለት ዋጋ ያወርዳል የሚመስላቸው አሉ። ሰውየው የሚወደውን ነገር እየለቀቀ ነው፣ እናንተ ስትሰድቡበት የበለጠ አጥብቆ ይይዘዋል። ከዚያ ይልቅ እውነቱን ንገሩት። "አባባ፣ በሬዎ ማለፊያ ነው። እኔ ግን የምወስደው ለእርድ ነው። ለእርድ ከዚህ በላይ አያዋጣኝም፤ አራሽ ካገኙ እሱ ይጨምርልዎታል።" እንዲህ ሲባሉ ብዙ ሽማግሌዎች "ቆይ ልጄ፣ ና እስቲ" ይላሉ። ክብር ሲያገኙ መደራደር አይከብዳቸውም።

ገዢም ቢሆን ከዚህ ስሜት ነጻ አይደለም። ጋቢ ሻጩ ትከሻችሁ ላይ ጣል አድርጎ "አማረብህ!" ሲላችሁ፣ ጋቢው በከፊል የእናንተ ሆኗል። ማውለቅ ማጣት ይመስላል። ቀብድ የከፈላችሁበት ቤትም እንዲሁ ነው፤ ችግሩን በኋላ ብትሰሙም "የኔ ቤት" ማለት ጀምራችኋልና ጆሯችሁ አይቀበልም። መፍትሔው የመጨረሻ ዋጋችሁን ዕቃውን ከመንካታችሁ በፊት መቁረጥ ነው። አብሯችሁ ለመጣ ሰው ንገሩት፣ እሱ ይያዝባችሁ።

ደግሞ ይህ ነገር በልምድ ይቀንሳል። ጆን ሊስት የሚባል ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ጥናት የስፖርት ካርድ (የተጫዋቾች ፎቶ ያለበት፣ ሰዎች የሚሰበስቡት ካርድ) የሚገበያዩ ሰዎችን ተመልክቶ ነበር። ልምድ የሌላቸው ሰዎች የተሰጣቸውን ዕቃ ይዘው መቅረት መረጡ፣ የቆዩት ነጋዴዎች ግን ብዙም ሳያመነቱ ይለዋወጡ ነበር። ነጋዴ ዕቃውን ገና ሲገዛው የሚያስበው ሊሸጠው ነውና። በዓመት አንድ በሬ የምትሸጡ ከሆነ፣ ከፊታችሁ የቆመው በየሳምንቱ የሚገዛ የሚሸጥ ሰው መሆኑን አትርሱ። ልባችሁን ቤት ትታችሁ ውጡ ማለቴ አይደለም። ከላይ ያልኳችሁን ቁጥር ጽፋችሁ ውጡ ነው የምለው።

ሦስተኛው፣ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም

ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል የሚወጣበትን ገደል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የከበረው ድንጋይ እዚያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፣ ዛሬ በዓለም ገበያ "ወሎ ኦፓል" በሚል ስም ይሸጣል። ወጣቶች ገደል ለገደል ቦርቡረው ነው የሚያወጡት። ሕይወታቸውን አስይዘው ያወጡትን ድንጋይ ገዢ በአንድ ቃል ሲያራክሰው ደማቸው ቢፈላ አይገርምም።

ግን ገዢውም የሚፈራው ነገር አለ። የወገል ጤና ኦፓል ውሃ ይመጥጣል። ውሃ ሲገባበት መልኩ ይለወጣል፣ ብዙ ጊዜ መስታወት ይመስልና የቀስተ ደመናው ቀለም ይደበዝዛል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ውሃ የመጠጠ ድንጋይ ክብደቱም ይጨምራል። ደግሞ ውሃ የሚመጥጥ ድንጋይ ቀለምም ይመጥጣል፣ ቀለም የተነከረ ወይም በጭስ የጠቆረ ኦፓል ገበያ ላይ አለ። ቆይቶ የሚሰነጠቅም ያጋጥማል። ገዢው እነዚህን ሁሉ በዓይኑ መለየት ካልቻለ ጥሩውንም መጥፎውንም በአንድ መካከለኛ ዋጋ ይጠራል። በዚያ ዋጋ ጥሩ ድንጋይ ያለው ሰው አልሸጥም ብሎ ይወጣል፣ መጥፎ ያለው ይቀራል። ገዢው መጥፎ እየበዛ ሲያይ ዋጋውን ጨርሶ ይቀንሳል። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያገለገሉ መኪኖችን ምሳሌ አድርጎ ያሳየው ይህን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ሆነ።

እንዲህ ያለውን ክፍተት በክርክርም በመሐላም አትዘጉትም። "ወላሂ ጥሩ ነው" የሚለውን መጥፎ ድንጋይ የያዘውም ይለዋል። የሚዘጋው በማሳየት ነው። ኦፓል ከሆነ ደረቅ ሆኖ፣ ገዢው እያየ ይመዘን። ስንጥቅ ካለው ራሳችሁ ቀድማችሁ አሳዩት፣ አንዱን ጉድለት በገዛ አፉ የተናገረ ሰው ሌላው ቃሉ ይታመናል። አራሽ በሬ ከሆነ ቀንበር ጫኑበትና ይሞክረው። የምትታለብ ላም ከሆነች ጠዋት መጥቶ ራሱ ይለብ። ማር ከሆነ ይቅመስ፣ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከቆርቆሮው ግርጌም ይውጣለት። መኪና ከሆነ እሱ የመረጠው መካኒክ ጋ ይሂድ። ይህን ሁሉ ፈቅዳችሁ ገዢው አሁንም ካልጨመረ፣ ክፍተቱ የእውቀት አልነበረም ማለት ነው፤ ወደ ላይኞቹ ሁለቱ ተመለሱ።

ለገዢ ደግሞ፣ መሞከር የከለከለን ሻጭ ጥላችሁ ሂዱ። ምክንያቱን አትጠይቁ።

ችግር የጠራው ዋጋ

አንድ የቀረ አለ፣ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። አንዳንዴ ሻጩ ዝቅ አድርጎ የሚጠራው ዕቃውን ስለናቀው አይደለም። ልጁ ሆስፒታል ተኝቷል፣ ወይ የሚበላው አልቋል።

ወሎ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። አማርትያ ሴን፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው፣ በእኛ አቆጣጠር የ1965 እና 66ቱን የወሎ ረሃብ አጥንቶ ነበር። ያሳየው ነገር ይህ ነው። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። ሰው ያለቀው የሚገዛበት አቅም ስለጠፋ ነው። ገበሬው ምርቱ ሲጠፋ የሚሸጠው አጣ። አርብቶ አደሩም ከብቱ አለቀ፤ የተረፈችውን ለመሸጥ ሲያወጣ የምታመጣለት እህል ከወትሮው በጣም አነሰ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሻጭ ሲሆን ከብት ይረክሳል።

ስለዚህ የምትሸጡ ሰዎች፣ ከቻላችሁ ችግር እስኪገፋችሁ አትጠብቁ። መኖ እያለቀ፣ ዝናቡ እየዘገየ ከሆነ ከአምስቱ ፍየል ሁለቱን ገና ሥጋ እያላቸው ሽጡ። ሁሉም ሰው ገበያ ሲወጣ መውጣት ማለት በግማሽ ዋጋ መስጠት ነው። ይህ ምክር የሚያመው ከላይ ባልኩት ምክንያት ነው፤ ማጣት ስለሚያም ሰው "ትንሽ ልጠብቅ" ይላል። ችግር ውስጥ ከገባችሁ ደግሞ ችግራችሁን ለገዢ አትንገሩ። ወንድም፣ እቁብ፣ እድር፣ ብድር፣ የሚቻለው ሁሉ መጀመሪያ ይሞከር፤ ሁለት ሳምንት ጊዜ መግዛት ብቻውን ብዙ ብር ያድናል።

የምትገዙ ሰዎች፣ የተቸገረን ሰው አይታችሁ ዋጋ አትስበሩበት። በሌላ ጊዜ የምትከፍሉትን ያህል ክፈሉት። በወሎ ገበያ ሽያጭ ሲያልቅ "አላህ በረካ ያድርግልህ" መባባል አለ። የከብቱ ባለቤት ይህን ከልቡ እንዲለው አድርጋችሁ ግዙ።

ሁሉ ተደርጎ ካልተቀራረበስ?

የእናንተ የመጨረሻ ዝቅተኛ 80 ሺህ፣ የገዢው የመጨረሻ ከፍተኛ 72 ሺህ ከሆነ ሽያጭ የለም። ይህ ጸብ አይደለም። ግን ከመሄዳችሁ በፊት የመመለሻውን ወጪ አስቡ። በሬው ለሳምንት ይበላል፣ የመኪና ወይም የእግር መንገዱ አለ፣ ሰኞ ተመልሳችሁ ስትመጡ የሥራ ቀን ይባክናል። ይህ ሁሉ ተደምሮ 3 ሺህ ብር ከሆነ፣ የዛሬው 77 ሺህ ከሚቀጥለው ሰኞ 80 ሺህ ጋር እኩል ነው፤ ያውም የሚቀጥለው ሰኞ 80 ሺህ የሚሰጥ ገዢ ከተገኘ። 72 ሺህ ግን አይሞላም፣ ስለዚህ በሬያችሁን ይዛችሁ ግቡ። የገዢውን ስልክ ተቀበሉ፣ የእናንተንም ስጡት። ገበያው ሲበተን፣ ሌላ በሬ ሳያገኝ ሲቀር፣ ሊደውል ይችላል።